ከሐረር ሜዳ እስከ ጎዴ፤ የካውንት ቮን ሮዘን ሕይወትና ሥራ

ሐረር፤ የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲታነጽ ዓላማው ከተማዋን ከእግረኛና ከፈረሰኛ ወራሪ መጠበቅ ነበር። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በር ከግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ በሮች ሁሉ በቀደመው ዘመን ቀን ለገበያተኛው ተከፍቶ ማታ ይዘጋ ነበር። በሩ ከተዘጋ ከተማዋ በሰላም ታድራለች ማለት ነው።

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን ጠላት በፈላና በርም ሆነ በሌሎቹ በሮች አልመጣም። የፋሽስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች፣ የጦር ኃይል የማይገኝባት ክፍት ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ለዓለም ተገልጾ የነበረችውን ሐረርን ከሰማይ በቦምብ ደበደቧት። ለዘመናት የታመነበት ግንብ በዚያ ቀን የሚከላከለው ነገር አልነበረም። ከአርባ ቀናት በኋላ ሚያዝያ 30 ቀን ከተማዋ በጄኔራል ግራዚያኒ በሚመራው ጦር እጅ ወደቀች።

ከ41 ዓመታት በኋላ በ1970 ዓ.ም. ሐረር ዳግም በወራሪ ጦር ስትከበብ ሁኔታው የተለየ ነበር። በዚህ ጊዜ ከከተማዋ በላይ ያለው ሰማይ ጠባቂ ነበረው፤ ጠባቂዎቹም በአገራቸው የበረራ ትምህርት ቤት መሠረት የተጣለላቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያለው ታሪክ ከበርካታ ሰዎች ድካም ጋር የተያያዘ ነው። ከእነዚህም አንዱ በመጀመሪያው ጦርነት የቀይ መስቀል አውሮፕላን አብራሪ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት፣ ቀጥሎ የአየር ኃይሉን የበረራ ትምህርት ያደራጁት፣ በመጨረሻም በያኔው ሐረርጌ ክፍለ ሀገር በጎዴ ከተማ የተገደሉት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ናቸው።

ቮን ሮዘን የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን ከአንድ ስመ ጥር የመኳንንት ቤተሰብ ነው። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን የዞሩ አገር አሳሽ ነበሩ። እኚሁ አባት በ1910 ዓ.ም. ለአዲሲቱ የፊንላንድ መንግሥት አንድ አውሮፕላን በስጦታ መላካቸው ይታወቃል። የፊንላንድ አየር ኃይል ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች አውሮፕላን መድረስ ነው።

በሌላ በኩል የእናታቸው እህት ካሪን፣ በኋላ የናዚ ጀርመን አየር ኃይል የበላይ አዛዥ የሆነው የኸርማን ጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች። ይህ ዝምድና ቮን ሮዘን ፈልገው ያገኙት ባይሆንም በሕይወታቸው ውስጥ ደጋግሞ ጥላውን አጥልቷል።

ወጣቱ ካርል ጉስታፍ በቤት ውስጥ የሚጠበቅባቸውን የመኳንንት ኑሮ ትተው ልባቸውን ለአውሮፕላን ሰጡ። ገና በ20 ዓመታቸው የአብራሪነት ፈቃድ ካገኙ በኋላ በየከተማው እየዞሩ በአየር ላይ ትርዒት እስከ ማሳየት ደርሰዋል። ትርዒቱ እንጀራ ቢሆናቸውም፣ ከዚያ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ሥራ የገጠማቸው በኢትዮጵያ ምድር ነው።

ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ አገሪቱ ላከ። ቮን ሮዘንም ቁስለኛ የምታመላልስ አነስተኛ አውሮፕላን ይዘው ከቡድኑ ጋር ተሰለፉ። በሰሜኑ ግንባር እስከ ቆረም ድረስ እየበረሩ መድኃኒት አድርሰዋል፤ ቁስለኞችንም አንስተዋል።

በዚያ ጦርነት የቀይ መስቀል ምልክት ከአደጋ አላዳነም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በዶሎ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን የሕክምና ጓድ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ብዙ ሕሙማን አልቀዋል። ቮን ሮዘን ራሳቸውም የመርዝ ጋዝ ቃጠሎ ደርሶባቸዋል።

በወቅቱ ኢትዮጵያ አብራሪ ፈጽሞ አልነበራትም ማለት አይቻልም። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን በ1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈች በኋላ እነ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በረራ ተምረው ለአገራቸው የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ሆነዋል። አፍሪካ አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንም በ1927 ዓ.ም. መጥተው የነበሩትን ጥቂት አውሮፕላኖች መርተዋል። ይሁን እንጂ በጣት የሚቆጠሩ አብራሪዎችና ትጥቅ ያልነበራቸው አውሮፕላኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖችን ካሰለፈ ኃይል ጋር ሊመጣጠኑ አልቻሉም። የሐረር ድብደባ የዚህ ጉድለት ውጤት ነበር።

ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ቮን ሮዘን በሆላንድ አየር መንገድ በአብራሪነት ተቀጠሩ። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ሥራቸውን ትተው የሰው ማጓጓዣ የነበረችውን ዲሲ-2 አውሮፕላን ቦምብ እንድትጥል አድርገው ለፊንላንድ ተዋጉ። ቀጥሎ ጀርመን ሆላንድን በወረረች ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ለመዝመት ያቀረቡት ጥያቄ ከጎሪንግ ጋር ባላቸው ዝምድና ምክንያት ሳይሳካ ቀርቷል። የጦርነቱን ቀሪ ዓመታት በስዊድን አየር መንገድ ሲበሩ አሳለፉ።

ኢትዮጵያ ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ካጋጠሟት ሥራዎች አንዱ አየር ኃይልን እንደገና ማቋቋም ነበር። የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰዱት በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት የሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ተመልሰው የመጡት ኮሎኔል ሮቢንሰን ሲሆኑ፣ በርከት ያሉ ወጣቶችን በረራና የአውሮፕላን ጥገና አስተምረዋል። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ፊቱን ወደ ስዊድን በማዞር ቮን ሮዘንን ለአየር ኃይሉ አደራጅነት መረጠ።

ስዊድን በተመረጠች ጊዜ ከግምት የገባ ነገር ነበር። አገሪቱ በአፍሪካ ቅኝ ግዛት ያልነበራት፣ በጦርነቱ ገለልተኛ ሆና የቆየች፣ የራሷንም አውሮፕላን የምትሠራ ነበረች። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ ያሳደረውን ተጽእኖ ለማቃለል ይፈልግ ለነበረው መንግሥት ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር።

የአዲሱ አየር ኃይል መቀመጫ ቢሾፍቱ ሆነች። የጦር ሰፈሩም እስከ ዛሬ ሐረር ሜዳ በሚለው ስም ይታወቃል። ቮን ሮዘን የስዊድን አስተማሪዎችን፣ መካኒኮችንና የመሣሪያ ባለሙያዎችን አስመጥተው የትምህርት ክፍሉን፣ የጥገና ማዕከሉንና የዕቃ ግምጃ ቤቱን በአንድነት አደራጁ። አውሮፕላን ብቻውን አየር ኃይል እንደማይሆን፣ ከአንድ አብራሪ ጀርባ ብዙ የሠለጠኑ ሰዎች መኖር እንዳለባቸው ከጅምሩ የተገነዘበ አሠራር ነበር።

ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የተመረጠችው ሳፊር የተባለችው የሳዓብ ፋብሪካ አነስተኛ አውሮፕላን ነች። አስተማሪውና ተማሪው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡባት፣ አስተማሪው የተማሪውን እጅና ዓይን እያየ ለማረም ይመቸዋል። ቮን ሮዘን ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዷን ከስቶክሆልም አስነስተው ያለ አንዳች ማረፍ ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር አዲስ አበባ አድርሰዋታል። ጉዞው ከ30 ሰዓታት በላይ የፈጀ ሲሆን በዓለም አቪዬሽን ዘንድ ስሟን ያስጠራ ነበር።

የሥልጠናው ቅደም ተከተል ጥብቅ ነበር። ተማሪው በመጀመሪያ በክፍል ውስጥ የበረራ ሕግን፣ የአየር ጠባይንና የሞተርን አሠራር ይማራል። ከዚያ ከአስተማሪው ጋር ደጋግሞ ይበርራል። አስተማሪው በቃ ብሎ ሲወርድለት ብቻውን ይነሣል። ቀጥሎ የረጅም ርቀት ጉዞ፣ በመሣሪያ ብቻ መብረርና በቡድን መብረር ይከተላሉ። የተሳካለት ሳዓብ 17 ወደሚባለው ከባድ የጦር አውሮፕላን ይሸጋገራል።

የአገሪቱ መልክዓ ምድር ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዚህም የተነሣ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ከመሬት ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። በሜዳማው የስዊድን ጠረፍ ትክክል የሆነው ስሌት ለኢትዮጵያ ተራሮች እንደገና መሠራት ነበረበት። ይህንንም አስተማሪውና ተማሪው እኩል የተማሩት ትምህርት ነበር ለማለት ይቻላል።

በ1940ዎቹ ዓመታት ወደ ሐረር ሜዳ ከመጡት አውሮፕላኖች መካከል አንዱ ዓይነት ለየት ያለ ታሪክ ነበረው። ፋየርፍላይ የተባለው ይህ የእንግሊዝ ሥሪት የጦር አውሮፕላን የተፈጠረው በአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እንዲያገለግል ነው። ለኢትዮጵያ የተሸጡትም በካናዳ ባሕር ኃይል ውስጥ የቆዩ ነበሩ። በጠባቡ መርከብ ላይ ቦታ እንዳይዙ ክንፎቻቸው ይታጠፋሉ፤ ከጅራታቸውም በታች መንጠቆ አላቸው።

የባሕር ኃይል አብራሪ ሥልጠና ከአቪዬሽን ትምህርቶች ሁሉ እጅግ አስቸጋሪው እንደሆነ ይነገራል። ተማሪው በመጀመሪያ በየብስ መንደርደሪያ ላይ የመርከቡን ወለል ስፋት የሚያሳይ መስመር ተሰምሮለት በዚያ ውስጥ ብቻ ማረፍን ይለማመዳል። በዚያ ዘመን በመርከቡ ጫፍ የቆመ መኮንን በሁለት እጁ በያዛቸው ምልክቶች ከፍ በል፣ ዝቅ በል፣ ተመለስ እያለ ይመራዋል። ሲያርፍ መንጠቆው በወለሉ ላይ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን ካልያዘ ዳግም ዕድል የማግኘቱ ነገር አጠራጣሪ ነው። መርከቡም በማዕበል ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ቆሞ አይጠብቀውም።

ኢትዮጵያ በምጽዋ ባሕር ኃይሏን ብታቋቁምም አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ስለዚህ የፋየርፍላዮቹ መንጠቆ በሐረር ሜዳ የሚይዘው ገመድ አልነበረም። ነገር ግን ለባሕር የተሠራውን አውሮፕላን ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና መካኒኮች ለደጋው አየር አስማምተው አገልግለውበታል። ከአሥርት ዓመታት በኋላ በ1985 ዓ.ም. ከአገልግሎት ውጭ ሆነው በኢትዮጵያ ከተገኙት መካከል ወደ ካናዳ ተመልሰው በሙዚየም የተቀመጡ አሉ።

የቮን ሮዘን ዘመን ከእንከን ነፃ አልነበረም። ከእርሳቸው ቀድመው መሠረቱን ከጀመሩት ከኮሎኔል ሮቢንሰን ጋር አልተስማሙም፤ በሁለቱ መካከል የተነሣው ጠብም ሮቢንሰንን ለእስራት እስከ መዳረግ ደርሷል። ኮሎኔሉ ከአየር ኃይሉ ከራቁ በኋላም በኢትዮጵያ ቆይተው በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰባቸው የአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። የሁለቱም ድካም ለአንድ ዓላማ የዋለ በመሆኑ የአንዱን ስም ለማንሳት የሌላውን መዘንጋት አይገባም።

ቮን ሮዘን ለአሥር ዓመታት ያህል ካገለገሉ በኋላ በ1940ዎቹ ማብቂያ አየር ኃይሉን ለቀቁ። በዚህ ጊዜ የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ ተጀምሮ የጄት አውሮፕላን ዘመን እየገባ ነበር። ከጊዜ በኋላም አመራሩ እንደ ጄኔራል አሰፋ አየነ ባሉ ኢትዮጵያውያን አዛዦች እጅ ገባ። ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት ሥር በኮንጎ ግዳጅ የፈጸሙት የራሳቸውን የጄት አውሮፕላኖች ይዘው ነው። ከሌላ አገር ቀይ መስቀል አንዲት አውሮፕላን ይመጽወት የነበረው አገር ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ለሌላ አገር ሰላም የአየር ኃይል አሰለፈ።

ቮን ሮዘን ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ ለስዊድን የግል አየር መንገድ ሠሩ፤ በኮንጎም በረሩ። ስማቸው በዓለም ላይ የገነነው ግን በናይጄሪያ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። በ1960 ዓ.ም. ማብቂያ የአየር ከበባውን በዝቅተኛ በረራ ሰብረው ለተራበው የቢያፍራ ሕዝብ እህልና መድኃኒት አደረሱ። ይህ ሥራቸው በብዙዎች ዘንድ አስመሰገናቸው።

ይሁንና ከእህሉ በኋላ የሮኬት ተራ መጣ። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሮኬት የታጠቁ አምስት አነስተኛ የሥልጠና አውሮፕላኖችን እየመሩ የናይጄሪያን የአውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። ተመሳሳይ ጥቃቶችም ተከትለዋል፤ የቢያፍራ አብራሪዎችንም አብረው አሰልፈዋል። በዚያው ወቅት ቀድሞ ያገለገሏቸው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የናይጄሪያ ጉዳይ ኮሚቴን በሊቀመንበርነት እየመሩ የናይጄሪያ አንድነት ተጠብቆ በድርድር ሰላም እንዲወርድ ይጥሩ ነበር። ቮን ሮዘን የተራበን ለመርዳት የነበራቸው ቁርጠኝነት የሌላውን አገር ሉዓላዊነት እስከ መጋፋት መድረሱ በሕይወታቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ምዕራፍ ሆኖ ቀርቷል።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ድርቅ ለዓለም በታወቀበት ወቅት ቮን ሮዘን ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የያዟቸው ከቢያፍራዎቹ ጋር የሚቀራረቡ አነስተኛ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በክንፎቻቸው ሥር የተንጠለጠለው ግን ሮኬት ሳይሆን የእህል ከረጢት ነበር። መኪና ሊገባባቸው በማይችል ተራራማ ሥፍራዎች ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን ይጥሉ ነበር። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ ቢሆንም መሪውን ለሌላ ሰው ትተው በቢሮ መቀመጥን አልመረጡም።

ከድርቁና ከመፈናቀሉ ጋር የተያያዘው ይህ ሥራ በመጨረሻ ወደ ኦጋዴን ወሰዳቸው። ያኔ ጎዴ የሐረርጌ ክፍለ ሀገር አካል ነበረች፤ የክፍለ ሀገሩም ዋና ከተማ ሐረር ነበረች። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ኃይሎች ጥቃታቸውን ሲጀምሩ ቮን ሮዘን ጎዴ ውስጥ ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን በከተማዋ ላይ በተከፈተው ድንገተኛ ጥቃት በ67 ዓመታቸው ተገደሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአየር ላይ ከአደጋ ጋር ሲታገሉ የኖሩት ሰው ሞት የደረሰባቸው በምድር ላይ ነው።

ጦርነቱ ከጎዴ ተነሥቶ ወደ ሐረር ገሰገሰ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ወደቀች፤ ቀጥሎም ሐረር ራሷ ለወራት በከበባ ውስጥ ቆየች። ጁገል ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለ ጭንቅ ገጥሟት አያውቅም።

ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ ሰማዩ ለወራሪው የተተወ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች በኤፍ-5 አውሮፕላኖቻቸው ከሶማሊያ ሚግ-21 አውሮፕላኖች ጋር ገጥመው የአየር የበላይነትን ጨበጡ። ከድሬዳዋ እየተነሡም የጠላትን ታንኮችና የስንቅ መሥመር መቱ። የምድር ጦሩም በኩባ ወታደሮች ታግዞ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራን አልፎ ጅጅጋን ነፃ አወጣ። ሐረር ሳትደፈር ቀረች።

እነዚያ አብራሪዎች የቮን ሮዘን ተማሪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ እርሳቸው አየር ኃይሉን ሲለቁ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ የጄት በረራንም የተማሩት በሌላ ሥርዓትና ከሌሎች አስተማሪዎች ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች አስተማሪ ሆነው፣ እነርሱም ሌሎችን አስተምረው፣ እውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በሚያስፈልግበት ቀን ተገኘ። የውጭ ባለሙያ ውጤት የሚለካው እርሱ በነበረበት ዘመን በተሠራው ብቻ ሳይሆን፣ ከሄደ በኋላ ሥራው ያለ እርሱ በመቀጠሉም ጭምር ነው።

የጁገል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፈላና በር ዛሬም ገበያተኛው ይገባል፤ ይወጣል፤ የሚዘጋበትም የለም። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ የከተማዋን ስም የያዘው ሐረር ሜዳ ወጣት አብራሪዎችን ማሠልጠኑን ቀጥሏል። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋ ያጣችው ጠባቂ የተገኘው ከዚያ ሜዳ ነው።